«ፓስዎርዱን ራሷ ናት የሰጠችኝ»

ልጆች፣ ቢሮዬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው። ስለ ሳይበር ሕግ ሊያማክረኝ የሚመጣ ወጣት አብዛኛው ሕጉ የወጣው ባንክ ለሚዘርፉ ሀከሮች ይመስለዋል። በር የሚያንኳኩት ግን እንደ እናንተ ያሉ ልጆች ናቸው።

አንዱን ልንገራችሁ። ከፍቅረኛው ጋር ተለያየ። በደህናው ጊዜ ፓስዎርዷን ነግራው ነበርና አንድ ሌሊት ፌስቡኳን ከፍቶ መልእክቷን ሁሉ አነበበ፣ ስክሪንሾት አንስቶም ለጓደኞቹ ላከ። ፊቴ ተቀምጦ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነበር፦ «ጋሼ፣ ፓስዎርዱን እኮ ራሷ ናት የሰጠችኝ!»

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁን፣ ቁጥር 958/2008ን አውጥቼ አንቀጽ 3ን አስነበብኩት። ያለ ፈቃድ መግባት ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ መግባትም ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም። ልጁ ክው አለ። የቤቷን ቁልፍ ሰጥታህ ቢሆን ከተለያያችሁ በኋላ በሌሊት ከፍተህ ትገባ ነበር? አልኩት። «እንዴት ተደርጎ!» አለኝ። አያችሁ፣ ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ስልክ ውስጥ ያለው ዓለም ግን ቤት አልመሰለውም።

የሳይበር ምኅዳር የሚባለው ኬብሉ፣ ሰርቨሩ፣ በላዩ የሚመላለሰው መረጃና የምንጠቀምበት እኛ ራሳችን ነን። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ የተጎዳችው ልጅ ግን አራት ኪሎ ነው የምትኖረው። የዚህ ሕግ አስቸጋሪ ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ማስረጃው በሌላ አገር ኩባንያ እጅ ስለሚሆን መርማሪው ደብዳቤ ጽፎ መጠበቅ አለበት፣ መልሱ ደግሞ ይዘገያል፣ አንዳንዴም አይመጣም።

ስለዚህ ማስረጃችሁን ራሳችሁ ያዙ። አንዲት ልጅ «ፎቶሽን እለቃለሁ» እያለ የሚያስፈራራትን ሰው ልትከስ መጣች። ድርጊቱ በአዋጁ አንቀጽ 13 ያስቀጣል። ነገር ግን በንዴት ቻቱን በሙሉ አጥፍታዋለች! አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ሕጉ ያዛል፤ ያ ግን ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ እንጂ ምን እንደተባባሉ አያሳይም። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። እባካችሁ፣ የቱንም ያህል ቢያንገበግባችሁ አታጥፉት። ስልኩንም ፎርማት አታድርጉት።

ደግሞ ሕጉ ወንጀል ብቻ አይደለም። በቴሌግራም ዋጋ ተስማምታችሁ ዕቃ ስትሸጡ፣ መልእክቱ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ በሕግ ፊት አይጸናም አይባልም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 አለ። ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ደግሞ አዋጅ 1072/2010 አለ። ያላጣራችሁትን ወሬ ሼር ስታደርጉም አስቡበት፤ በጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን የግል መረጃ ነው። ሕጉ፣ አዋጅ 1321/2016፣ ገና አዲስ ነው፤ ልማዳችን ደግሞ የቆየ። ፎቶኮፒ ቤት ገብታችሁ መታወቂያችሁን፣ ዲግሪያችሁን፣ የእናታችሁን የካርታ ኮፒ ሳይቀር በቤቱ ቴሌግራም ትልኩና ፕሪንት አስደርጋችሁ ትወጣላችሁ። ፋይሉ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ የሚገባው ሰው ስክሪኑ ላይ ያየዋል።

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ አንዱ ጋ ገብቼ የአንድ ደንበኛዬን ውል አስወጣሁ። ከከፈልኩ በኋላ ልጁን «የኔ ልጅ፣ እባክህ አጥፋልኝ» አልኩት። ከቻቱ አጠፋው። ዳውንሎድ ፎልደሩንም ክፈተው አልኩት። ከፈተው። የማላውቃቸው ሰዎች መታወቂያ ተደርድሯል። የኔን አጠፋና ትንሽ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ ሳልጠይቀው የሌሎቹንም ማጥፋት ጀመረ።