ከርነሉ ሞቷል ወይስ ዝም ብሏል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተሠራ ኮምፒውተር) ላይ ማስነሳት የየቀን ሥራዬ ነው፤ በኢንቴል፣ በአርም፣ በሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰር። አልነሳ ያላችሁ ካለ ጠይቁኝ። ላፕቶፓችሁ ምን እንደሆነ፣ የኪውኢኤምዩ (ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ትዕዛዛችሁንና ስክሪኑ ላይ የቀረውን የመጨረሻ መስመር አብራችሁ ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ላፕቶፔ ኢንቴል ነው። የ64 ቢት አርም ከርነል ኮምፓይል አድርጌ "ቨርት" በሚባለው የኪውኢኤምዩ ማሽን ሳስነሳው አንድ ፊደል እንኳን አይጽፍም። ሲፒዩው ግን 100 ፐርሰንት ይሠራል። ሦስት ቀን ሆነኝ።

መልስ፦ አይዞህ፣ ብዙ ሰው እዚሁ ጋ ነው የሚወድቀው። ኮዱን ከመነካካትህ በፊት ከርነሉ መሞቱንና ዝም ማለቱን ለይ።

ትዕዛዝህን አየሁት፤ ፕሮሰሰር አልመረጥክም። በ"ቨርት" ላይ ካልመረጥክ የሚሰጥህ ኮርቴክስ ኤ15 ነው፤ እሱ ደግሞ 32 ቢት ነው። የ64 ቢት ከርነል እሱ ላይ አይነሳም፣ ስህተትም አይነግርህም። ኮርቴክስ ኤ57 ወይም "ማክስ" በል።

ሁለተኛው ኮንሶሉ (ከርነሉ መልእክቱን የሚጽፍበት ቦታ) ነው። ከኢንቴል የለመድከውን "ቲቲዋይ ኤስ 0" ገልብጠሃል። የአርም "ቨርት" ሲሪያል ፖርት ፒኤል011 ስለሆነ ሊኑክስ የሚጠራው "ቲቲዋይ ኤኤምኤ 0" ብሎ ነው። ከርነሉ እስከ መጨረሻው ተነስቶ በሌለ ፖርት ሊያወራ ይችላል። ሪስክ-ፋይቭ ላይ እንደገና "ኤስ 0" ነው፤ ፓወር በሚባለው ፕሮሰሰር ላይ "ኤችቪሲ 0"።

ከዚያ የከርነሉ ትዕዛዝ መስመር ላይ "ኧርሊኮን" ጨምር። ዋናው ኮንሶል ከመነሳቱ በፊት ስለሚጽፍ፣ አንድ መስመር እንኳን ካወጣ ከርነሉ በሕይወት አለ።

አሁንም ዝም ካለ ጂዲቢ (ስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) አያይዝ። ኪውኢኤምዩን በ"ማይነስ ትንሹ ኤስ" ስታስነሳው ፖርት 1234 ላይ ይጠብቅሃል። የኢንቴል ጂዲቢ አርምን ላያውቅ ስለሚችል ጂዲቢ-መልቲአርች ተጠቀም፤ አድራሻዎቹ ከሲምቦሎቹ (ከኮዱ ስሞች) ጋር እንዲገጥሙ በከርነሉ ትዕዛዝ መስመር ላይ "ኖ ኬኤኤስኤልአር" (አድራሻ አታደበላልቅ) ማለት አትርሳ። ፕሮግራም ካውንተሩ (ሲፒዩው ያለበት የኮድ አድራሻ) 0x200 ላይ ቆሞ ካገኘኸው፣ ከርነሉ የራሱን የኤክሴፕሽን ሰንጠረዥ (ስህተት ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረውን) ሳይተክል ፎልት (ስህተት) አግኝቶት እዚያው እየዞረ ነው ማለት ነው። ሲፒዩህ 100 ፐርሰንት የሚሆነውም በዚህ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ያው እኔው ነኝ። ኤ57 ስለው ተነሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን ግን ሩት ፋይል ሲስተሙን (ዋናውን የዲስክ ይዘት) ማውንት ማድረግ (ማያያዝ) አልቻልኩም፣ ከርነሉ "አንኖውን ብሎክ 0፣0" ብሎ ፓኒክ ያደርጋል (ይቆማል)።

መልስ፦ ከፓኒኩ በላይ ያሉትን መስመሮች አንብብ፤ ከርነሉ የሚያውቃቸውን ዲስኮች ይዘረዝራል። "ቪዲኤ" (የቨርቹዋል ዲስኩ ስም) እዚያ ካለ "ሩት" ያልከው ስም ነው የተሳሳተው። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ቨርትአይኦ ብሎክ (የቨርቹዋል ዲስኩ ድራይቨር) ሞጁል (ኋላ ለብቻው የሚጫን ክፍል) ሆኖ ተሠርቷል፤ ኢኒትራምኤፍኤስ (ሲነሳ ሞጁሎችን የሚጭን ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) ስለሌለህ የሚጭነው የለም። ኮንፊጉ ላይ እሱንና ቨርትአይኦ ፒሲአይን ከ"ኤም" (ሞጁል) ወደ "ዋይ" (ከርነሉ ውስጥ የተካተተ) ቀይር።

ጥያቄ፦ ኤም1 ማክ አለኝ። የሬድሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 የአርም ኢሜጅ ይነሳል፣ 8 ግን እምቢ አለኝ። ሁለቱም አርም አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ናቸው እህቴ፤ የሚለያዩት በሜሞሪ ገጽ (ሜሞሪው የሚከፋፈልበት ቁራጭ) መጠን ነው። የ8 የአርም ከርነል በ64 ኪሎባይት ገጽ የተሠራ ሲሆን 9 ወደ 4 ተመልሷል። የአፕል ቺፖች የሚያውቁት 4ን እና 16ን ብቻ ነው። ምንም ሴቲንግ አያድነውም፤ ወይ 9ን ተጠቀሚ፣ ወይ ሃርድዌር ማፋጠኛውን አጥፍተሽ በኢሙሌሽን አስነሺው፤ ቀርፋፋ ይሆንብሻል።

ጥያቄ፦ ኢንቴል ላይ አርም ሳስነሳ በጣም ቀርፋፋ ነው። ኬቪኤም (የሊኑክስ ሃርድዌር ማፋጠኛ) ባበራስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኬቪኤም የእንግዳውን ኮድ በቀጥታ በእውነተኛው ፕሮሰሰር ነው የሚያስኬደው፤ ኢንቴል ደግሞ የአርም ትዕዛዝ አያውቅም። ያለህ ቲሲጂ (የኪውኢኤምዩ ተርጓሚ) ነው፤ እያንዳንዱን ትዕዛዝ እየተረጎመ ስለሚሄድ ነው የሚዘገየው።

ጥያቄ፦ የጻፍኩት ድራይቨር ኢንቴል ላፕቶፔ ላይ ባለው የአርም ቨርቹዋል ማሽን ለሳምንት ያለ ችግር ሠራ። እውነተኛ የአርም ቦርድ ላይ ግን አልፎ አልፎ ዳታው ይበላሻል። ቦርዱ ይሆን?

መልስ፦ ቦርዱን ከመክሰስህ በፊት ኮድህን እይ። እኔም በዚህ ብዙ ሌሊት አጥቻለሁ። ኢንቴል አንዱ ኮር የጻፋቸውን ነገሮች ሌላው ኮር በተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲያያቸው ያደርጋል፤ አርም ግን ይህን ቃል አይገባም። ኢሙሌተሩ የሚሮጠው ኢንቴል ላይ ስለሆነ የአርምን ልቅነት አያሳይህም፤ ለሳምንት መሥራቱ ማስረጃ አይሆንህም።

የላክልኝን ቁራጭ ሳየው መጀመሪያ በፈር (ዳታ ማቆያ ሜሞሪ) ውስጥ ዳታ ትጽፋለህ፣ ቀጥሎ "ዝግጁ" የሚለውን ፍላግ (ምልክት) 1 ታደርጋለህ። አርም ላይ ሌላው ኮር ፍላጉን አይቶ አሮጌውን ዳታ ሊያነብ ይችላል። ፍላጉን የምትጽፍበትን ወደ "ኤስኤምፒ ስቶር ሪሊዝ"፣ የምታነብበትን ወደ "ኤስኤምፒ ሎድ አኳየር" ቀይር፤ እነዚህ ቅደም ተከተሉን ያስጠብቃሉ። ሁለቱንም ነው የምልህ፤ አንዱን ብቻ ብትቀይር ችግሩ እዚያው ነው። ከዚያ ቦርዱ ላይ ሁሉንም ኮሮች አስጨንቀህ ፈትነውና ውጤቱን እዚሁ ጻፍልኝ።