ከሞላር እርግዝና በኋላ፦ ጸበሉና የደም ምርመራው

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሦስተኛ ወሬ ደም ፈሰሰኝና በአልትራሳውንድ «ሞላር እርግዝና ነው» ተብሎ ማሕፀኔ ተጠረገ። አሁን በየሳምንቱ የደም ምርመራ እንዳደርግ፣ ለ6 ወርም እንዳላረግዝ ታዝዣለሁ። ልጄን ገደልሁ ማለት ነው? ምርመራውን ትቼ ጸበል ብቻ ብጠመቅስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ አልገደልሽም። ሙሉ በሚባለው ሞላር 46ቱም ክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚው) ከአባት ብቻ ስለሚመጣ ፅንስ የለም፤ የእንግዴ ልጁ ሥጋ ብቻ ውኃ እየቋጠረ እንደ ወይን ዘለላ ይንዠረገጋል። በከፊሉ ሞላር የፅንስ አካል ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ክሮሞዞሙ አብዛኛውን ጊዜ 69 ስለሚሆን እንደ ጤናማ ፅንስ አያድግም። የትኛው እንደነበረ የፓቶሎጂው ውጤት (የተጠረገው ሥጋ ምርመራ) ይነግርሻልና ሳትወስጂው አትቅሪ። «የማን ኃጢአት ነው?» ለሚሉሽ ጌታ በዮሐንስ 9፥3 መልሷል።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ የሚለካው ኤችሲጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን ነው። ከጠረጋው በኋላ በየሳምንቱ መውረድ አለበት። ባለበት ከቆመ ወይም ከጨመረ፣ የቀረው ሥጋ እያደገ ነው፤ ወደ ሳንባም ሊሄድ ይችላል። ይህ ከሙሉ ሞላር በኋላ ከ100 ሴቶች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ይደርሳል፤ በጊዜ ከተገኘ ግን በመድኃኒት ይድናል። በመሐል ብታረግዢ ሆርሞኑ በእርግዝናው ስለሚጨምር በሽታው ይሸፈናል። መቆየቱ የታዘዘው ለዚህ ነው እንጂ ልጅ ለመከልከል አይደለም።

ጸበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂም፤ የደም ምርመራውን ውጤት አያዛባውም። ለምርመራው ባዶ ሆድ መሆንም አያስፈልግም። ታዲያ አንዱን ለሌላው መተው ለምን? ሲራክ በምዕራፍ 38 ጸልይ ብሎ፣ ለሐኪምም ስፍራ ስጠው ይላል። ደም ካነሰሽ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

እስከዚያ እንዳታረግዢ፣ ከባልሽ ጋር ተስማምቶ ለጊዜው መታቀብ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ያለ ነው። ከከበዳችሁ በግምት አትሂዱ፤ ሁለታችሁም ከንስሐ አባታችሁና ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ሉፕ (በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ) ግን ሆርሞኑ ወደ ደንቡ ሳይመለስ አይገባም፤ ማሕፀን ሊበሳ ይችላል።

በአንድ ሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ፤ ጸበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ወደፊት ስታረግዢም ቀድመሽ አልትራሳውንድ ተነሺ፤ ሞላር የሚደገመው ከ100 በ1 ገደማ ነው።