ከልጄ ቆዳ የሚወሰደው ናሙና ምን ይደረግበታል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ4 ዓመት ልጄ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ፊቷና የእጆቿ ጀርባ ጥቋቁር ነጠብጣብ አወጣ፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ ዓይኗን መግለጥ ያቅታታል። የቆዳ ሐኪሟ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባል በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብለው ቤተዝዳ በሚገኘው የብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል በሚካሄደው የዲኤንኤ ጥገና ምርምር እንድትሳተፍና ከቆዳዋ ናሙና እንድንሰጥ መከሩን። ባለቤቴ «ልጄን መሞከሪያ አላደርጋትም» ይላል። ናሙናው ምን ይሠራበታል? ለእሷስ ይጠቅማታል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ የባለቤትዎ ስጋት የአባት ስጋት ስለሆነ በትዕግሥት ሊመለስለት ይገባል። ናሙናው ተወስዶ ካበቃ በኋላ የሚፈተኑት ሕዋሳቱ ናቸው፤ ልጅትዋ ጨረርም ሆነ መድኃኒት አይነካትም።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳችን ላይ ባረፈ ቁጥር በሕዋሶቻችን ያለው ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃችን በኬሚካል «ፊደላት» የተጻፈበት ጥንድ ገመድ፣ ይጎዳል፤ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ፊደላት ተጣብቀው ይቀራሉ። ጤነኛ ሕዋስ፣ ሸማኔ የተበላሸ ድር ቆርጦ በአዲስ ክር እንደሚቀጥል ሁሉ፣ ጉዳቱን ከግራና ከቀኙ ጨምሮ 30 ያህል ፊደላት ቆርጦ ያወጣና ያልተነካውን ሌላውን ገመድ እያየ በአዲስ ይተካል። ጉድለታቸው ለዜሮደርማ ፒግመንቶሰም መነሻ መሆኑ ከሚታወቁት 8 ዘረመሎች (የሕዋሱን ሥራ የሚያዝዙ የዲኤንኤ ክፍሎች) 7ቱ በዚሁ ቆርጦ የመተካት ሥራ የተሰማሩ ሲሆኑ፣ 8ኛው ደግሞ ሕዋሱ ያልተጠገነውን ቦታ አልፎ ዲኤንኤውን በትክክል እንዲቀዳ ይረዳል።

ይህ ሊታወቅ የቻለው ታማሚዎች በሰጡት ቁራሽ ቆዳ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ጄምስ ክሊቨር የጤነኛ ሕዋሳትን ጥገና ሲያጠና ስለዚህ በሽታ ጋዜጣ ላይ አነበበ፤ የታማሚዎችን የቆዳ ሕዋሳት አግኝቶ ጨረር ሲያሳርፍባቸው የተጎዳውን መተካት እንደተሳናቸው አየና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመ። የዲኤንኤ ጥገና ጉድለት ሰውን ለካንሰር እንደሚያጋልጥ በግልጽ ካሳዩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነበር። ዛሬ ለልጅዎ የሚደረገው ምርመራም ከዚያው የተወለደ ነው።

ናሙናው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ቦታው በመርፌ ደንዝዞ ይወሰዳል። ሕዋሳቱ ላብራቶሪ ውስጥ ለሳምንታት እንዲባዙ ይደረጋል፤ ከዚያ ጨረር ያርፍባቸውና ምን ያህል አዲስ ዲኤንኤ እንደተኩ ይለካል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ጉድለቱ በ8ኛው ዘረመል ከሆነ ይህ ልኬት ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል፣ ዘረመሎቹም ተነብበው እንደሆነ ይጠይቁ። የፈቃድ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ውጤቱ ለእናንተ ይነገር እንደሆነ፣ የተረፉት ሕዋሳት የት እንደሚቀመጡና ለማን እንደሚሰጡ፣ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ሕዋሳቱ ምን እንደሚሆኑ ያስረዱዎት ዘንድ መብትዎ ነው፤ በአማርኛ አስተርጓሚም ይጠይቁ። ሆስፒታሉ ተሳታፊዎችን ለምርምሩ ሕክምና ገንዘብ አያስከፍልም።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ገና የለም። የትኛው ዘረመል እንደሆነ ማወቅ ግን ሐኪሞቹ ምን መከታተል እንዳለባቸው ይነግራቸዋል፤ ከታማሚዎቹ ሩብ ያህሉ የመስማት ወይም የነርቭ ችግር ይገጥማቸዋልና።

ሳይጠይቁኝ ልጨምር፦ ይህ እርግማን ወይም የማንም ጥፋት አይደለም። ሁለታችሁም ሳታውቁት ጉድለት ያለበት የአንድ ዓይነት ዘረመል አንድ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጅ የመታመሙ ዕድል 25 በመቶ ነው። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘመድ አለማግባት ይህን አጋጣሚ ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጥበቃው ግን የላብራቶሪውን ውጤት ሊጠብቅ አይገባም። ካንሰር ከያዛቸው ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን የቆዳ ካንሰር ያዩት 10 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ረጅም እጅጌና ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣ፣ ጨረር የሚከላከል መነጽር፣ በየጥቂት ሰዓቱ የሚታደስ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጓታል፤ ከፀሐይ ስለምትርቅ ቫይታሚን ዲም እንዲታዘዝላት ይጠይቁ። ተራ መስታወት ከጨረሩ ብዙውን ስለሚያሳልፍ የቤቱና የመኪናው መስኮት መከላከያ ፊልም ይለጠፍበት፤ የምትማርበትን ክፍል መስኮትም ከመምህሯ ጋር ሄደው ይዩት።