የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅና ጨርቅ እንዴት ይያዝ? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ የሆቴል ወጥ ቤት ንጽሕና እከታተላለሁ። ከጥያቄዎቻችሁ ብዙዎቹ ስለ ስፖንጅ ናቸው፤ ከዚያው ልጀምር።

ጥያቄ፦ ስፖንጁ ሁሌም ሳሙና ውስጥ ነው። ጀርም ከየት ይመጣበታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳሙና ቅባትና ቆሻሻ ያስለቅቃል እንጂ ስፖንጁ ቀዳዳ ውስጥ የገባውን ባክቴሪያ ሁሉ አይገድልም። እርጥበትና የምግብ ፍርፋሪ ካገኘ፣ በዚያ ላይ የሐዋሳ ሙቀት ሲታከልበት በፍጥነት ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የጀርመን ጥናት 14 ያገለገሉ ስፖንጆች ተመርምረው፣ በአንዳንድ ቦታ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ50 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ሁሉም በሽታ ያመጣል ማለት አይደለም። ግን እባካችሁ ስፖንጁን ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ አታሳድሩ። አጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ብቀቅለውስ?

መልስ፦ ለ5 ደቂቃ ያህል ማፍላት ብዙውን ይገድላል፤ አሮጌውን ግን አዲስ አያደርገውም። በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ ቀይሩት። ከሸተተ ያን ቀኑኑ ይጣል።

ጥያቄ፦ ከአሞራ ገደል የዓሳ ገበያ ቆሮሶ ዓሳ ገዝቼ ቤት ነው የማጸዳው። መክተፊያውን በዚያው ስፖንጅ ባጥበው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ በጣም! የጥሬ ዓሳና የጥሬ ሥጋ ውሃ የነካው ስፖንጅ ወዲያው ብርጭቆ ካጠበ ጀርሙን በየዕቃው ያዳርሳል። መጀመሪያ ደሙንና ቅርፊቱን በሶፍት ጥረጉና ጣሉት። ቀጥሎ መክተፊያውን ለዚህ ብቻ በተለየ ብሩሽ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ከዚያ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ አርጥቡት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅና ቁሞ ይድረቅ። ብሩሽ ያልኩት በምክንያት ነው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ሳልሞኔላን ሲፈትኑ፣ እንዲደርቅ በተተወ ብሩሽ ላይ ባክቴሪያው ሲሞት ስፖንጅ ውስጥ ግን ቆይቷል። ለሰላጣ ሌላ መክተፊያ ብትይዙ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በረኪናውን ከሎሚ ጋር ባደባልቀው አይበረታም?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታደርጉት! ከሎሚም ከአቼቶም ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለብቻው በውሃ ይበጥበጥ፤ የተበጠበጠው ደግሞ ለነገ አይተርፍም፣ ኃይሉ ይደክማል። መስኮትም ክፈቱ።

ጥያቄ፦ የዕቃ ማድረቂያ ፎጣና የምጣድ ማሰሻስ?

መልስ፦ የእጅና የዕቃ ፎጣ ለየቅል ይሁን። የዕቃው በየቀኑ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ማሰሻውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ በረሮ እንዳይዞርበት። ዘይቱ ከሸተተ ቀይሩት።

ጥያቄ፦ ውሃ ሲጠፋ በአንድ ሳፋ እንዴት እንጠብ?

መልስ፦ ቅደም ተከተል ያዙ። ብርጭቆ መጀመሪያ፣ ሳህን ቀጥሎ፣ ድስት ከዚያ፣ ጥሬ ሥጋ የነካው መጨረሻ። ለመለቅለቂያ ግን ንጹሕ ውሃ ከጀሪካኑ ቆጥቡ፤ የታጠበበት ውሃ ከጠቆረ ደፍታችሁ ቀይሩ።