አዲስ መኪና ላይ ስለሚገኝ ጭረትና የቀለም ጉድለት፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ መኪና መቀባት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ጀምሮ ጋራዣችን በር ላይ የሚቆሙት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ታርጋቸው ገና አላደፈም፣ የወንበራቸው ላስቲክ አልተነሳም፣ ባለቤቶቻቸው ግን ፊታቸው ጠቁሮ «ቀባልኝ» ይሉኛል። መቀባት እንጀራዬ ነው። ያም ሆኖ ከአሥሩ ለሰባት ስምንቱ «አይቀባ» ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ምክንያቱን ለተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ስመልስ ታዩታላችሁ።

«መኪናዬ ትናንት ከአዲስ አበባ ገባ። ቀኝ በሩ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ነጭ ጭረት አለ። መኪናው ጥቁር ነው። ይቀባ ወይስ በፖሊሽ ይጠፋል?» (ከአጂፕ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቦታውን በንጹህ ውኃ አርጥበው። ጭረቱ ሲረጥብ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ፣ የተነካው ላይኛው ሽፋን ብቻ ነው። ቀጥሎ ጥፍርህን ጭረቱን አቋርጠህ ቀስ ብለህ ሳበው። ጥፍርህ ሳይያዝ ካለፈ በፖሊሽ ይወጣል። ቀጭ ብሎ ከተያዘ ጥልቅ ነው፣ ፖሊሽ ጠርዙን ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው ወደ ላይ ሲቆጠር መጀመሪያ ዝገት የሚከላከለው ሽፋን፣ ከዚያ ፕራይመር (ቀለሙ የሚይዝበት መሠረት)፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻ ክሊር የምንለው መስታወት መሰል ሽፋን ነው። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ነው። ክሊሩ ብቻውን 40 ገደማ ይሆናል። አንድ የፀጉር ዘለላ ወደ 70 ማይክሮን ስለሚወፍር መኪናህን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀው ክሊር ከፀጉርህ ይቀጥናል ማለት ነው። ፖሊሽ ደግሞ ጭረቱን አይሞላውም፣ ዙሪያውን እየፋቀ ከጭረቱ ጋር እኩል ያደርገዋል። ስለዚህ በየወሩ «ትንሽ ፖሊሽ ይመታ» የሚል ሰው ከማያልቅ ነገር ላይ የሚወስድ ይመስለዋል፣ ግን ያልቃል። እኔ ራሴ ሥራውን ስለምድ የኮፈን ጠርዝ ላይ ማሽኑን ጥቂት ሰከንድ አብዝቼ አቆይቼ ክሊሩን በልቼዋለሁ። ክሊሩ በጠርዝ በጠርዙ ስስ ነው። ያ ኮፈን ሙሉውን መቀባት ግድ ሆነ። እስከ ዛሬ ጠርዝ ላይ ስደርስ እጄ ይቀዘቅዛል።

ያንተ ጭረት ሲረጥብ የሚጠፋ ከሆነ በእጅና በደቃቅ ኮምፓውንድ (ቀለም በስሱ የሚፍቅ የፖሊሽ ቅባት) ይበቃዋል። ማሽን አያስፈልገውም።

«በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ መኪና ልረከብ ነው። ቀለሙን በምን ላረጋግጥ?» (ከቦሳ ቂጦ)

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ሁሉም ሰው ከመፈረሙ በፊት ቢጠይቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በጠዋት ሂጂ። ምሽት ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ወይም ጣሪያ ሥር አትረከቢ። መኪናው ታጥቦ ይድረቅ፣ አቧራና ውኃ ጭረት ይደብቃሉ። ከፊት ለፊቱ ቆመሽ ብቻ አትመልከቺ። ከመኪናው የፊት መብራት አጠገብ ቁጢጥ በይና ጎኑን በዓይንሽ ከፊት እስከ ኋላ አስኬጂው። የሰማዩ ነጸብራቅ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። አንድ በር ላይ ሲደርስ ከተወላገደ እዚያ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ) ሊኖር ይችላል።

«አዲስ መኪና ምን ስቱኮ አለው?» ትይኝ ይሆናል። ይኖረዋል። መኪናው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ ተጭኖ ይመጣል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። መንገድ ላይ የተመታው ለገዢ ሳይነገር ተቀብቶ ይሸጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ዜሮ ኪሎ ሜትር ብለው የሸጡላቸውን ነጭ መኪና አመጡልኝ። የቀለም ውፍረት መለኪያውን ጣሪያው ላይ ሳስቀምጥ 112 ማይክሮን፣ የፊት በር ላይ 118፣ የግራ ኋላ በር ላይ 340 አሳየኝ። በሩን ከፍቼ የበሩን ዙሪያ ጎማ ገለጥ ሳደርግ የነጭ ቀለም ብናኝ ጥቁሩ ጎማ ላይ ተነስንሷል፣ የማጠፊያው ብሎን ጭንቅላት ላይ ያለው ቀለምም በቁልፍ ተፍቋል። ያ በር ወልቆ ተቀጥቅጦ የተቀባ ነው። እሳቸው ይህን ያወቁት ጅማ ከገቡ ከሁለት ወር በኋላ፣ ቀለሙ ማበጥ ሲጀምር ነው።

እንግዲህ አንቺም በሮቹን ሁሉ ክፈቺ፣ የጎማውን ሥር እዪ፣ የኮፈኑንና የበሮቹን ብሎኖች እዪ፣ በፓነሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ግራና ቀኝ አወዳድሪ። መለኪያ ያለው ሰው ካገኘሽ ይዘሽው ሂጂ። ከ200 በላይ የሚያነብ ቦታ ማብራሪያ ይጠየቅበት። የፊትና የኋላ ባምፐር ፕላስቲክ ስለሆነ በተለመደው መለኪያ አይነበብም፣ ኮፈኑ አሉሚኒየም ከሆነም ለብረት ብቻ የተሠራው መለኪያ ዝም ይላል። ያገኘሽውን ጉድለት ሁሉ ፎቶ አንሺና ርክክብ ወረቀቱ ላይ በጽሑፍ አስፍሪ። «እናስተካክልልሻለን» የሚል የቃል ተስፋ ጊቤን ሲሻገሩ ይረሳል።

«ፈርሜ ከወጣሁ በኋላ ነው ያየሁት። አለቀልኝ?» (ከሰርቦ)

አላለቀም፣ ግን አትዘግይ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢ ዕቃውን በጊዜው መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጭ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ በጽሑፍ፣ ከቀን ጋር፣ ከፎቶ ጋር አሳውቃቸው። ከምንም በላይ ደግሞ እስኪመልሱልህ አታስነካው። ሌላ ጋራዥ ከቀባው በኋላ «ያበላሸው እሱ ነው» ማለት ለሻጩ ቀላል ነው። ዋስትናው ቀለምን በተመለከተ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የፋብሪካ ስህተትን ነው፦ መላጥ፣ ማበጥ፣ ከውስጥ የመጣ ዝገት። ጠጠር የመታውን፣ ወፍ ያበላሸውን፣ የተጫረውን አይሸፍንም። ወረቀቱን አንብበው።

«ቀለሙ ጭረት የለውም፣ ግን ሲያዩት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ጉድለት ነው?»

ሙሉው መኪና እኩል ከሆነ የፋብሪካው አረጫጨት ነው፣ ተወው። አንድ በር ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ግን ያ በር ታሪክ አለው።

«ነጭ መኪናዬ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ሁለት ወር እንኳን ያልሞላው መኪና እንዴት ይዝጋል?» (ከጅማ መርካቶ)

አባቴ፣ አይደንግጡ፣ ከውስጥ የመጣ ዝገት ላይሆን ይችላል። መኪናው የሚያድረው ብየዳ ቤት አጠገብ ነው? ብረት ሲቆረጥና ሲሞረድ የሚበነው ደቃቅ ትኩስ ብናኝ ክሊሩ ላይ ተጣብቆ በእኛ እርጥበት ይዝጋል። ሲጫንና ሲጓጓዝም ይያዛል። መኪናው ከታጠበ በኋላ ስስ ፌስታል ጣትዎ ላይ አድርገው ይዳስሱት። በባዶ እጅ የማይታወቀው ሻካራነት በፌስታሉ እንደ አሸዋ ይሰማዎታል። የሚነሳው በቀለም ማጽጃ ጭቃ ነው፣ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ነገር ነው፣ በሳሙና ውኃ እያራሱ በቀስታ ይታሻል። በጥፍርም በብርጭቆ ወረቀትም እንዳይነኩት።

«የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል ይባላል።»

ውስጡ የሚፍቅ ነገር ስላለው እጅግ ቀጭን ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል። በምትኩ ጭጋግ ይተዋል፣ ጥቁር መኪና ላይ ደግሞ በደንብ ያስታውቃል። ለጥርስህ አስቀምጠው።

«ላቫጆ በየሦስት ቀኑ አሳጥበዋለሁ፣ በጣም እጠነቀቅለታለሁ። ፀሐይ ሲመታው ግን ሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶታል።» (ከጅሬን)

ያመጣው ራሱ እንክብካቤው ነው። የጅማን ቀይ ጭቃ ታውቀዋለህ፣ ሲደርቅ ለስላሳ ዱቄት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ደቃቅ አሸዋ አለ። ላቫጆው ባጃጁን፣ አይሱዙውንና ያንተን መኪና የሚያጥበው በአንድ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ መሬት ይወድቃል፣ ያነሱትና ያንተ ኮፈን ላይ ያዞሩታል። ከዚያ የባሰው የጠዋቱ ጨርቅ ነው። ዘበኛው ለደግ ብሎ ሌሊቱን የተኛበትን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ይጠርግልሃል። ያ አቧራ እኮ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው! ማልደህ «አመሰግናለሁ፣ አትንካው» በለው።

እንዲህ አድርግ፦ መጀመሪያ በውኃ ግፊት ብቻ ጭቃው ይውረድ። ሁለት ባልዲ ያዝ፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ማለቅለቂያ። የራስህ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይኑርህ፣ ለጎማና ለታችኛው ክፍል ሌላ። ከላይ ወደ ታች፣ ክብ ሳትዞር በቀጥታ መስመር እጠብ። የልብስ ሳሙና ዱቄት አትጠቀም፣ ያልሟሟው ፍሬ ይጭራል፣ ሰሙንም ያጥባል። ሰው ሞልቶበት ላቫጆው የሚጣደፍ ከሆነ «ውኃ ብቻ ርጭልኝ» ብለህ ክፈል፣ ቀሪውን ቤትህ ጨርሰው። አሁን ያለው ድር አንድ ጊዜ በደንብ ፖሊሽ ይደረግና አስተጣጠቡ ይቀየር። አስተጣጠቡን ሳትቀይር ፖሊሽ ማስደረግ ክሊርህን በከንቱ ማስፋቅ ነው።

«በሮቹ ላይ ነጭ ላስቲክ ተለጥፎበት መጣ። እንዳይጫር ብዬ ትቼዋለሁ።»

አንሳው፣ ዛሬ አንሳው። የተለጠፈው ለጉዞ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። ወራት ሲቆይ ሙጫው ይጋገራል፣ ጠርዙም ቀለሙ ላይ መስመር ይተዋል። ለብ ባለ ፀሐይ፣ ወደ ራሱ አጥፈህ፣ ቀስ እያልክ ሳበው። በቢላ አትጀምረው።

«ፎርኖ (ቀለም በሙቀት ማድረቂያ ክፍል) ያለው ጋራዥ ይሻላል ይላሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ፎርኖ መግባት ይችላል?» (ከአጋሮ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፋብሪካ ላይ ባዶው ቦዲ ሽቦና ወንበር ሳይገባበት ከ140 ዲግሪ ገደማ በሚጀምር ሙቀት ይጋገራል። እኛ ጋ የተገጣጠመ መኪና ስለሆነ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው የምናደርቀው። የምንቀባው ቀለም የፋብሪካውን ያህል የማይጠነክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ «አይቀባ» የምለውም ለዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ደግሞ ረጅም ሙቀት ይጎዳዋል። ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚፈቀድ የመኪናው አምራች መመሪያ ላይ ይታይ፣ ቀቢውም ከመጀመሩ በፊት ይንገርህ። ካላወቀ በሩን ወይም ፓራፋንጎውን ፈትቶ ለብቻው ያድርቅ።

«ወፍ ኮፈኑ ላይ ያደረገችው ሲደርቅ በጥፍሬ ፋቅኩት፣ ምልክት ቀረ።»

ደርቆ አይፋቅም። እርጥብ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አልብሰው፣ ከዚያ ወደ ላይ አንሳው። ቦታው ከተበላ ቀላል ፖሊሽ ይሞከራል። ጥላ ብለን የምናቆምበት ዋርካ ሥር ነው ይህ የሚበዛው።

«የወልቂጤ መንገድ ላይ ጠጠር ኮፈኔን መታው። የስንዴ ፍሬ የምታህል ቦታ ላሜራው ይታያል። ክረምት እየመጣ ነው፣ ኮፈኑን ላስቀባው?» (ከቆጪ)

ለስንዴ ፍሬ ኮፈን አይቀባም! ግን አይተውም፣ በእኛ ዝናብ ላሜራው በሳምንት ውስጥ ዝጎ ይቀላል።

የቀለሙን ኮድ ፈልግ። ብዙውን ጊዜ የሹፌሩ በር ቋሚ ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ነው። «ነጭ ነው» ብለህ አትግዛ፣ ነጭ ብዙ ነው። ቶዮታን ብትወስድ 040 ተራ ነጭ ነው፣ 070 ደግሞ ዕንቁ የሚያብረቀርቅበት ነጭ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ያስታውቃል። ኮዱን ይዘህ ጥቂት አስበጥብጥ።

ቦታውን እጠበው፣ አድርቀው፣ በአልኮል ጥረገው። ቀልቶ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ዝገቱን ብቻ ንካው። በስንጥር እንጨት ጫፍ አንድ ጠብታ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) አስቀምጥና ይድረቅ። ቀጥሎ ቀለሙን በስንጥሩ ጠብ አድርግ፣ አትቀባ፣ ጠብ አድርግ። ስስ አድርገህ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ እያደረቅክ። በመጨረሻ ክሊር። በጠዋት ጤዛ ወይም ዝናብ ሲያጉረመርም አትጀምር፣ እርጥበት ቀለሙን ያነጣዋል። ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሌለበት ጥሩ ነው። ቀርበው ሲያዩት ነጥቡ ይታወቃል፣ ሁለት እርምጃ ሲርቁ አይታይም፣ የፋብሪካ ቀለምህም ዙሪያውን ሳይነካ ይቀራል።

ሰም ለመቀባት አንድ ወር ጠብቅ። ላቫጆ ስትሄድም የውኃ ግፊቱ ነጥቡ ላይ ቀጥ ብሎ እንዳይመታ ልጁን አስጠንቅቀው።