የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ የማይወዛወዝ ትራይፖድ የቱ ነው?

በዚህ ወር ስለ ጉዞ ትራይፖድ፣ ማለትም ስለ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። አንድ ላይ ልመልሳቸው። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሌሎቻችሁም የምትጠይቁት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ሦስት ቀን በእግር ልንጓዝ ነው። ካሜራዬ ሚረርለስ ነው፣ 24-70 እና ሩቁን የሚያቀርበው 70-200 ሌንስ አለኝ። ያለኝ ትራይፖድ የስቱዲዮ ነው፣ ሦስት ኪሎ ይመዝናል፣ እሱን ተሸክሜ ተራራ አልወጣም። ሱቅ ስጠይቅ ሁሉም «ቀላል ነው፣ 15 ኪሎ ይሸከማል» ይሉኛል፣ ዋጋው ግን ከአንዱ አንዱ አራት እጥፍ ይበልጣል። ምኑን አይቼ ልግዛ? ቁመቴ 1 ሜትር ከ64 ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን 15 ኪሎ እርሺው። አምራቾች ይህን ቁጥር የሚያወጡት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ነው፣ ስለዚህ የአንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ደግሞስ አንቺ ምን ልትጭኚበት ነው? ካሜራሽ ከነ70-200ው ሁለት ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ትራይፖድ ከክብደት የተነሳ ተሰብሮ ፎቶ አያበላሽም። ፎቶ የሚያበላሸው መንቀጥቀጡ ነው፣ መንቀጥቀጡ ደግሞ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ራስሽ ፈትኚው። ካሜራሽንና 70-200ሽን ይዘሽ ሂጂ። የትራይፖዱን እግሮች በሙሉ ዘርጊያቸው፣ ካሜራውን ከፍ የሚያደርገውን የመሃሉን ዘንግ ግን አታውጪው። መዳፍሽን አናቱ ላይ ጫን አድርጊና የማር ጠርሙስ ክዳን እንደምትከፍቺ ግራና ቀኝ አዙሪው። እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ላላ ካለ፣ ወይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማሽ መልሺው። ቀጥለሽ ካሜራውን እሰሪበት፣ ሌንሱን 200 ላይ አድርጊ፣ ራቅ ያለ ጽሑፍ ላይ አነጣጥሪና ስክሪኑ ላይ እስከ መጨረሻው አቅርቢው። ከዚያ አንዱን እግር በጣትሽ ቀስ ብለሽ ምቺ። ጽሑፉ ይጨፍራል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጸጥ ካለ ጥሩ ነው። ሦስት ሰከንድ ቆይቶም እየጨፈረ ከሆነ ሻጩ የፈለገውን ቢልሽ አትግዢው። ባለ ሱቁ ቢሰለችም ይሰልች፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው።

ሌላው የመጨረሻውን እግር ውፍረት ማየት ነው። የጉዞ ትራይፖድ የሚያጥረው እግሩ አራት ወይም አምስት ቦታ ስለሚቆራረጥ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከላይኛው ውስጥ ስለሚገባ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይቀጥናል። አምስት ቦታ የሚቆረጠው ርካሽ ሲሆን የታችኛው እግር ከእስክሪብቶ ብዙም አይወፍርም። እኔ አራቱን እመርጣለሁ። ስትዘረጊም ወፍራሞቹን መጀመሪያ አውጪ፣ ቀጭኑን ካላስፈለገሽ ተይው።

አሁን ወደ ቁመቱ። ካርቶኑ ላይ «150 ሴንቲ ሜትር» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የመሃሉን ዘንግ እስከ መጨረሻው አውጥቶ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ዘንጉ ሳይወጣ ያለውን ነው። ለምሳሌ ፒክ ዲዛይን የሚባለው የታወቀው የጉዞ ትራይፖድ ዘንጉ ሲወጣ 152 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ዘንጉ ሲወርድ ግን 130 ነው። ላንቺ ቁመት በመመልከቻው ለማየት 140 አካባቢ ይበቃል። ስክሪኑ ወደ ላይ የሚታጠፍ ካሜራ ከሆነማ 130 ብዙ ነው። ባሌ ላይ ደግሞ የምታነሺው አብዛኛው ነገር ዝቅ ብሎ ነው የሚነሳው። ጅብራውን፣ ያንን ረጅም የተራራ ተክል፣ ከሰማዩ ጋር ለማየት ጎንበስ ትያለሽ፣ ቀይ ቀበሮም አይጥ የሚያድነው መሬት ላይ ነው። ቁመት ይቅርብሽ፣ ጥንካሬ ግን አይቅርብሽ።

ይህን በምክር አይደለም ያወቅኩት። ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ገና ሳይነጋ ከመኪና ወርጄ ትራይፖዴን ተከልኩ። ጎንበስ ማለት ስላስጠላኝ ዘንጉን እስከ ጫፉ አወጣሁት። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ በር) ለሁለትና ሦስት ሰከንድ እየከፈትኩ ሠላሳ ምናምን ፎቶ አነሳሁ፣ ትንሿ ስክሪን ላይ ሳያቸው ሁሉም ያምራሉ። አዲስ አበባ ተመልሼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው ግን የጅብራው ጫፍ በሁሉም ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። አንዱም አልተረፈም። ያን ንጋት እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። የወጣው ዘንግ እኮ ሦስት እግር ላይ የተሰካ አንድ ዱላ ማለት ነው፣ ንፋሱም የሚያገኘው እሱን ነው።

ስለዚህ ንፋስ ካለ ዘንጉ ይውረድ፣ እግሮቹም አጠር ይበሉ። ተዳፋት ላይ ከሆንሽ ሁለቱን እግር ወደ ቁልቁለቱ፣ አንዱን ወደ ሽቅቡ አድርጊ። ከዘንጉ ሥር መንጠቆ ካለው ቦርሳሽን ስቀይበት፣ ግን ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ አትተዪው፣ ታቹ መሬቱን ነካ ያድርግ። ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ቦርሳ ራሱ ትራይፖዱን ይንጠዋል። በሰውነትሽም ንፋሱን ከልይው። ካሜራው ወይም ሌንሱ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር ካለው ትራይፖድ ላይ ስትሆኚ አጥፊው፣ የሹተሩንም ቁልፍ በጣትሽ ከመጫን የሁለት ሰከንድ ታይመር ተጠቀሚ።

ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም ለሚለው፣ የዋጋው ልዩነት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። ያው ፒክ ዲዛይን አሉሚኒየሙ 1.56 ኪሎ፣ ካርቦኑ 1.27 ኪሎ አካባቢ ነው። ልዩነቱ 300 ግራም አይሞላም፣ አንድ ትንሽ የውሃ ላስቲክ ማለት ነው። ዋጋቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጡ አንዱ 350፣ ሌላው 600 ዶላር ነበር። ካርቦን ንዝረትን ቶሎ ያበርዳል፣ በብርድም እጅ ላይ እንደ አሉሚኒየም አይቀዘቅዝም፣ ይሄ እውነት ነው። ቢሆንም በተመሳሳይ ብር ርካሽ ካርቦንና ጥሩ አሉሚኒየም ቢቀርብልሽ አሉሚኒየሙን ውሰጂ። ለብርዱ የላይኛውን እግር የብስክሌት መያዣ ላይ በሚጠቀለለው ነገር ጠቅልይው፣ ይበቃል። እንደ ማንፍሮቶ ቢፍሪ አድቫንስድ ያሉት አሉሚኒየሞች አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ናቸው፣ ሲታጠፉም 40 ሴንቲ ሜትር። ላንቺ ሌንስ ከዚህ በጣም የቀለለ አልመክርሽም። ከአንድ ኪሎ በታች የሆነው ለስልክና ለትንሽ ሌንስ ነው እንጂ 70-200 አይችልም።

መቆለፊያውን ደግሞ አትርሺ። አንዱ ዓይነት በማጠፊያ ነው የሚቆለፈው፣ ሌላው በመጠምዘዝ። ጓንት አድርገሽ ለመክፈት ማጠፊያው ይቀላል፣ መቆለፉም በዓይን ይታያል፣ እየቆየ ግን ይላላልና ማጥበቂያ ቁልፉን ከቦርሳሽ አታውጪ። የቱንም ብትመርጪ አንዱን እግር ዘርግተሽ ቆልፊና ተደገፊበት። ሲንሸራተት ካየሽው ተይው።

የመጨረሻው ፕሌቱ ነው፣ ካሜራው ሥር የሚታሰረው። አርካ ስዊስ የሚባለው ዓይነት ይሁን፣ ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው። ብዙ አምራቾች ይህንኑ ስለሚሠሩት ቢጠፋብሽ ምትክ ታገኛለሽ። የራሱን ብቻ የሚቀበል ትራይፖድ ከሆነና ፕሌቱ ባሌ ላይ ከጠፋብሽ ግን የያዝሽው ምርኩዝ ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን አለህ ወንድሜ። የምጽፍልህ ከቨርጂኒያ ነው፣ ዕድሜዬ 61 ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ለገና ላሊበላ ልሄድ ነው። ትራይፖድ ይዤ ብመጣ በአውሮፕላን ችግር አለው? ቤተ ክርስቲያኑስ ውስጥ ይፈቀዳል?

መልስ፦ እንኳን እግዚአብሔር ለዚህ አበቃዎት። ትራይፖዱን በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት። ከአሜሪካ ሲነሱ በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፣ ነገር ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፣ ካሜራና ሌንስ ብቻውን ይሞላዋል። እኔ አንድ ጊዜ በአገር ውስጥ በረራ ፍተሻ ላይ «ይሄ በእጅ አያልፍም» ተብዬ ተመልሼ ሻንጣ ሳስመዘግብ በረራው ሊያመልጠኝ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። አናቱ ላይ ያለውን ቦል ሄድ (ካሜራው የሚዞርበትን) ይፍቱት፣ ለብቻው በካልሲ ጠቅልለው ይክተቱት፣ እግሮቹን ደግሞ በጋቢ መሃል ያስገቧቸው። ካሜራውንና ባትሪዎቹን ግን ከእጅዎ አይለዩ።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ውስጥ ገብተው ትራይፖድ ከመዘርጋትዎ በፊት ካህኑን ይጠይቁ። አይሆንም ካሉዎት አይከራከሩ። ፍላሽ ደግሞ ቢፈቀድም አያብሩ፣ ለግድግዳው ሥዕል ጥሩ አይደለም። በገና ሌሊትና በማለዳው፣ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ ትራይፖድ ጭራሽ አይዘርጉ። ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች በጨለማ እግሩ ላይ ሊደናቀፉ ይችላሉ፣ ይህንን ለፎቶ ብሎ ማድረግ ነውር ነው። ሦስቱን እግሮች ሳይከፍቱ አንድ ላይ እንዳሉ ዘርግተው እንደ ምርኩዝ ይያዙት። እጅዎን ያሳርፍልዎታል፣ ብዙም ቦታ አይወስድም።

ትራይፖዱ እውነተኛ ሥራ የሚሠራልዎት ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ከደረሱ ነው። ፀሐይ ስትገባ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆነው ይዩት። መስቀል ሆኖ የተፈለፈለው ጣሪያ መጨረሻው ብርሃን ሲያርፍበት ድንጋዩ ቀላ ይላል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ግን ጨልሟል፣ በእጅ ተይዞ አይነሳም። እዚያ ግን አደራ! ጉድጓዱ 12 ሜትር ያህል ይወርዳል። የትራይፖዱን እግር ጠርዙ ላይ አይትከሉ፣ እርስዎም ስክሪን እያዩ ወደ ፊት አይራመዱ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሆነው ትንሽ በሚያቀርብ ሌንስ ቢያነሱት ይሻላል። መልካም በዓል ይሁንልዎት።

ጥያቄ፦ ዳሎል ሄጄ መጣሁ፣ በመጠምዘዝ የሚቆለፈው ትራይፖዴ አሁን አንዱ እግር አልከፈት አለኝ። በፒንሳ ልሞክረው? ከአዳማ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፒንሳውን አስቀምጥ። ክሩን ትበላዋለህ፣ ካርቦን ከሆነም ቱቦውን ትሰነጥቀዋለህ። የያዘው ጨው ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ የጨው ምድር ነው፣ ያ ውሃ መቆለፊያው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። እግሩን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከረው፣ ከዚያ በጎማ ጓንት አጥብቀህ ይዘህ አዙረው። እምቢ ካለ ውሃውን ቀይረህ ድገመው።

ሲከፈትልህ የታችኛውን እግር ጭራሽ አውጥተህ እጠበው። ስታወጣው ውስጡ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ቅርፊት የመሰሉ ፕላስቲኮች አሉ፣ እነሱ ይወድቃሉ። ስለዚህ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገህ ፍታው፣ ከማውጣትህ በፊትም የትኛው የት እንደነበረ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ክሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትግ፣ ጥላ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር። ዘይት ቱቦው ላይ አትቀባ፣ አቧራ ይሰበስባል፣ መቆለፊያውም ይንሸራተታል። ትንሽ ግሪስ ክሩ ላይ ብቻ። ሌሎቹን ሁለት እግሮችም ዛሬውኑ ፍታቸው፣ እነሱም ውስጥ ያው ጨው አለ።