ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም መተንፈስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክብደት ለመቀነስ ብለው የአተነፋፈስ ልምምድ የጀመሩ አንባቢዎች የላኳቸው ጥያቄዎች ተከማችተዋል። ላይ ላዩን ሲታዩ ስለ ሳንባ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ሚዛን የሚጠይቁ ናቸው። ጠጋ ብሎ ላነበባቸው ግን አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ መሰልቸት ነው። ጀመርሁ፣ ደስ አለኝ፣ ለውጥ አጣሁ፣ ተውሁ። መልሶቼ አንዳንዶችን ቅር ያሰኙ ይሆናል። ቢሆንም ሰውን በልምምድ ላይ የሚያቆየው ትክክለኛ ስሌት እንጂ የተጋነነ ተስፋ ነው ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ በየማለዳው ለ15 ደቂቃ በጥልቀት መተንፈስ ከጀመርሁ አንድ ወር ሆነኝ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። የማየው ቪዲዮ ላይ ግን «ስብ ከሰውነት የሚወጣው በትንፋሽ ነው» ይላሉ። ውሸት ነው እንዴ?

መልስ፦ ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ተቆርጦ የቀረበ እውነት ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ሩበን ሚርማንና አንድሪው ብራውን እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ያወጡት ስሌት አለ። ሰውነት 10 ኪሎ ስብ አቃጥሎ ሲጨርስ 8.4 ኪሎው ካርቦንዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ «ስብ በትንፋሽ ይወጣል» ማለት ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው «እንግዲያው ብዙ የተነፈሰ ብዙ ይቀንሳል» ሲባል ነው። ሳንባ መውጫ በር እንጂ ምድጃ አይደለም። በሩን ቶሎ ቶሎ ቢከፍቱትና ቢዘጉት ውስጥ የሚቃጠለው አይጨምርም።

ስብ የሚቃጠለው ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት በምግብ ከሚያገኘው ሲበልጥ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በሰዓት 70 ኪሎካሎሪ ገደማ ያወጣል። ያው ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ቢራመድ ከሦስት እጥፍ በላይ ያወጣል። በእረፍት ላይ ሳለን ግን የመተንፈሻ ጡንቻዎች የሚወስዱት ጉልበት ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በበኩሉ 7,700 ኪሎካሎሪ ያህል ይዟል። ተቀምጦ በመተንፈስ ብቻ ይህን መጨረስ የማይታሰብ ነው።

ታዲያ ልተወው? ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። አይተዉት። ረጋ ብሎ መተንፈስ፣ በተለይም አየር የማስወጣቱን ጊዜ ማስረዘም፣ የልብን ምት ያረጋጋል፤ ጭንቀትንም ያበርዳል። ብዙዎቻችን ሳይርበን የምንበላው ደግሞ ስንጨነቅ፣ ስንናደድና ስንሰለች ነው። ልምምዱ ክብደትን የሚነካው በዚህ በኩል ዞሮ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ምግብና እንቅስቃሴ ናቸው። እርስዎ ትጋት አላነሰዎትም፤ አንድ ወር ሙሉ በየማለዳው መነሣት ትጋት ነው። የተነገረዎት ውጤት ግን ልምምዱ ሊሰጥ የማይችለው ነበር።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አቆማለሁ። «21 ቀን ከጸናህ ልማድ ይሆናል» ይባላል፤ እኔ ግን ሃያ አንደኛውን ቀን እንኳ አላየሁትም። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ምንም አልጎደለዎትም፤ ቁጥሩ ነው የተሳሳተው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አንድ አንድ ትንሽ ልማድ መርጠው በየቀኑ እንዲያደርጉ ተደርጎ ነበር። አንድ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። እንደየሰዉና እንደየልማዱም ከ18 እስከ 254 ቀን ሊደርስ እንደሚችል ተሰላ። እርስዎ በሦስተኛው ሳምንት ሲሰለቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ይኸው ጥናት ያሳየው ሌላ ነገር ደግሞ ለእኔ ይበልጥ ደስ የሚል ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም። የሚያፈርሰው «አንዴ ከቀረሁ ምን ዋጋ አለው» የሚለው ሐሳብ ነው።

ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛው፣ መጠኑን እስከሚያሳፍር ድረስ ያሳንሱት። ዕቅድዎ 20 ደቂቃ ከሆነ ስድስት ትንፋሽ ያድርጉት። በጥሩ ቀን ከዚያ በላይ ይሂዱ፤ በመጥፎ ቀን ስድስቱን ብቻ ተንፍሰው «ሠርቻለሁ» ይበሉ። ሁለተኛው፣ ልምምዱን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከድርጊት ጋር ያያይዙት። «ጠዋት እተነፍሳለሁ» ልል ያለ ነው። «የጥርስ ብሩሼን መልሼ እንዳስቀመጥሁ እዚያው ቆሜ ስድስት ጊዜ እተነፍሳለሁ» ሲሉ ግን ነገሩ ጭብጥ ይይዛል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ሐሳብን ወደ ተግባር እንደሚያሻግር ለዓመታት አጥንቷል። ብሩሹ ራሱ አስታዋሽ ይሆንልዎታል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?

መልስ፦ የማይረሱበት ሰዓት ይሻላል። ሆድን በኃይል ወደ ውስጥ የሚስብ ዓይነት ከሆነ ብቻ ጠግበው እንደበሉ ወዲያው አያድርጉት።

ጥያቄ፦ ራት በልቼ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ቤቱ ጸጥ ሲል እግሬ በራሱ ወደ ማቀዝቀዣው ይሄዳል። እንዳልራበኝ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት በትጋት እተነፍሳለሁ፤ የማታው ግን ሁሉንም ያበላሽብኛል።

መልስ፦ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ ልምምዱ የሚያስፈልገው እዚሁ ቦታ ነውና። የማለዳው ትንፋሽ ዝግጅት ነው፤ ፈተናው ማታ ነው። ስለዚህ ልምምዱን ፈተናው ወዳለበት ይውሰዱት።

እንዲህ ያድርጉ። እጅዎ የማቀዝቀዣውን እጀታ ሲይዝ እዚያው ያቁሙት፤ በሩን አይክፈቱት። ሁለቱም እግሮችዎ ወለሉን በደንብ ይርገጡ፤ ትከሻዎ ይውረድ። ሌላውን እጅዎን ከእምብርትዎ ከፍ አድርገው ያሳርፉ። በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፤ እጅዎ ወደ ፊት ሲገፋ ይሰማዎታል፤ ደረትዎ ብዙም መነሣት የለበትም። ከዚያ ከንፈርዎን ገርበብ አድርገው እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። አንዱ ዙር አሥር ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ መሆኑ ነው። ጎልማሳ ሰው በእረፍት ላይ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስለሚተነፍስ የለመዱትን ፍጥነት ቢያንስ በግማሽ ቀንሰዋል ማለት ነው። አሥር ጊዜ ይድገሙት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «አሁን ተራ ምግብ፣ የማያጓጓ ምግብ ቢሰጠኝ እበላለሁ?» እበላለሁ ካሉ ርቦዎታል፤ ይክፈቱና ይብሉ፤ ግን በሳህን አድርገው፣ ቁጭ ብለው። አልበላም ካሉ ያማረዎት ምግቡ ሳይሆን እረፍቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲሯሯጡ ውለው ለራስዎ የተረፈችው የመጀመሪያዋ ሰዓት ያቺ ናት፤ ምግቡ የዚያች ሰዓት ማክበሪያ ሆኗል። ይህን ካወቁ ሌላ ማክበሪያ መፈለግ ይቻላል፤ ሙቅ ውኃ መታጠብም ሆነ መጽሐፍ ወይም ቀደም ብሎ መተኛት። የመጨረሻውን አይናቁት። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ረኃብ ይበረታበታል፤ ያኔ ደግሞ በትንፋሽ የሚመለስ አይሆንም።

አንድ ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉና ቆመው በተነፈሱ ቁጥር አንድ ሰረዝ ያስምሩ። ተንፍሰው ከበሉም ሰረዟን ይስጡ። በዚህ አጥብቄ እከራከራለሁ፦ መጀመሪያ የሚለመደው መቆሙ ነው፤ አለመብላቱ በኋላ ይከተላል። ከበሉ ሰረዝ የሚከለክሉ ከሆነ ግን ወረቀቱ የጥፋት መዝገብ ይሆንና በሳምንቱ ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ አሠልጣኛችን በፍጥነት እንድንተነፍስና ከዚያ ትንፋሽ እንድንይዝ ያደርገናል። ራሴ ይዞራል፤ ጣቶቼና ከንፈሬ ይደነዝዛሉ። «መርዝ እየወጣ ነው፣ በርታ» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሚወጣ መርዝ የለም። ሰውነትዎ ከሚፈልገው በላይ ስለተነፈሱ በደምዎ ውስጥ ያለው ካርቦንዳይኦክሳይድ ከመጠን በታች ወርዷል። እሱ ሲወርድ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ የሚዞረው ለዚህ ነው። የደሙ የአሲድ ሚዛንም ይዛባል፤ መደንዘዙ ከዚያ ይመጣል። ያኔ ማቆም፣ መቀመጥና እንደ ወትሮው መተንፈስ ነው እንጂ መበርታት አይደለም። ራስን እስከ መሳት የሚደርስ ሰው አለ። ይህን ዓይነት ልምምድ ውኃ ውስጥም ሆነ መኪና እየነዱ በጭራሽ አያድርጉ፤ ውኃ ውስጥ ራስን መሳት መስጠም ነው።

ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ወይም የሆድ ቡአ ያለበት ሰው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ትንፋሽ የመያዝና ሆድን በኃይል የመሳብ ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። አሠልጣኝዎን በተመለከተ፣ የሕመም ምልክትን የስኬት ምልክት አድርጎ የሚተረጉም ሰው ሊታመን አይገባም። ሌላ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስተነፍስ ባየኝ ቁጥር «ጎማ ፈነዳ?» እያለ ይስቅብኛል። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሞራሌ ይነካል።

መልስ፦ ጥሩ ትንፋሽ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጸጥ አድርገው ይለማመዱ፤ የቀልዱ ምንጭ ይደርቃል። ከዚያ «ይህ ለእኔ ቁም ነገር ነው» ብለው አንድ ጊዜ በእርጋታ ይንገሩት። እንዲተነፍስ ግን አይጋብዙት። እንዲራመድ ይጋብዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ክብደቱን በመቀነስ በኩል ከምግቡ ጋር የሚያግዝዎት ይህ ነው። የእግር ጉዞውን የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ በርጋታ ትንፋሽ ይጀምሩት፤ ሰውዬውም ከጎንዎ እየሄደ የሚስቅበት አያገኝም።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ትናንት ከከትናንት ወዲያው አንድ ኪሎ ጨምሬ አገኘሁት። ሁሉን ነገር ትቼ ተኛሁ።

መልስ፦ በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልግዎት በላይ 7,700 ኪሎካሎሪ መብላት ነበረብዎት። እንዳልበሉ ያውቁታል። የጨመረው በአብዛኛው ውኃ ነው። ጨው የበዛበት ራት ውኃ ያስቀራል። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችትም እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። የወር አበባ፣ የሆድ ድርቀትና የአንጀት ይዘትም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። በየቀኑ መመዘን ስሜትዎን የሚጎዳ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘኑ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ ያነሰም ቢሆን ቁልቁል ነው።

ወገብዎንም በሜትር ይለኩ። ሜትሩ የሚያልፈው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ነው፤ የሚለካውም እንደ ወትሮው አየር አስወጥተው እንደጨረሱ ነው። ሆድ መሳብ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ሳያውቀው ራሱን ያታልላል፤ ሆድዎን ይልቀቁት።

ጥያቄ፦ የምጠቀምበት መተግበሪያ ተከታታይ ቀኖቼን ይቆጥርልኝ ነበር። አንድ ቀን አመመኝና ቀረሁ፤ ቆጠራው ወደ ዜሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልከፈትሁትም። አሁን ደግሞ «ሁለተኛ ደረጃ ሥልጠና፣ ምግብ ሳይቀንሱ በወር 10 ኪሎ» የሚል ማስታወቂያ ልኮልኛል። ልግዛው?

መልስ፦ ዜሮው የመተግበሪያው ነው፤ እርስዎ የሠሩት አልጠፋም። ቆጠራውን በወረቀት ያድርጉት፤ ተከታታይ ቀን ሳይሆን በወሩ ውስጥ የተነፈሱበትን ቀን ሁሉ ይደምሩ። በወሩ ሃያ ቀን የሠራ ሰው፣ መሀል ላይ ቢቀርም፣ ሃያ ቀን ሠርቷል።

ሥልጠናውን አይግዙ። 10 ኪሎ ስብ 77,000 ኪሎካሎሪ ነው፤ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን ከ2,500 በላይ ይመጣል። ይህ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚያወጣው ጉልበት ጋር የሚስተካከል፣ እንዲያውም የሚበልጥ ነው። ምግብ ሳይቀንሱ፣ ተቀምጠው እየተነፈሱ ያን ያህል ተጨማሪ ማቃጠል የሚችል ሰውነት የለም። በገንዘቡ የሚመች የመራመጃ ጫማ ይግዙበት።